ጭድ የለበሰ ጉድጓድ

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ስልሳ ሦስተኛው ደቂቃ። ሰዓቴን አይቻለሁ። በኋላ ማንም እንዳይከራከረኝ እዚሁ ልጻፈው።

ስልሳ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የጀብሪል ግራ እግር ጭዱን በስቶ ገባ። ሰውነቱ ወደፊት ሄደ፣ ጉልበቱ እዚያው ቀረ። ድምፁን ሰማሁት። ከተቀያሪዎች ወንበር ድረስ ይሰማል? ይሰማል። እርጥብ ገመድ ተወጥሮ ሲበጠስ… እንደዚያ።

ከዚያ በፊት ተራ እሑድ ነበር። ጠዋት ዝናብ፣ ረፋድ ላይ ጉም፣ ከሰዓት ሁለቱም። ቡድናችን ደጋ ኮከብ ከታች ሦስተኛ። ሕዝቡ በጋቢና በጃንጥላ። እኔ ሣጥኔን ይዤ ጥግ ላይ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ በፊዚዮቴራፒ በማዕረግ ተመርቄ፣ እዚህ ስሜ "ወጌሻዋ" ነው። ይሁን።

ጉድጓዱን ሁሉም ያውቀዋል። በሰሜኑ ጎል በኩል፣ ከቅጣት ምት ክልሉ ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ። በዘነበ ቁጥር ውኃ ይቋጥራል። ሐሙስ ዕለት ሰው እንዲያየው ዱላ ተክዬበት ነበር። ቅዳሜ የክለቡ ሰብሳቢ አቶ ዑበይዳ ሦስት ጋሪ ጭድ አስመጣና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አለበሰው። ጭቃውን ይመጥልናል ተብሎ። ዱላዬ "መልክ ያበላሻል" ተብሎ ተነቀለ።

ጭቃ ላይ ጭድ! እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ጭቃና ጭድ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ያውቃል። ምርጊት ይሆናሉ። ትንሽ ፀሐይ ብትወጣ ኖሮ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ክፍል ቤት እናቆም ነበር። ሃያኛው ደቂቃ ላይ አንዲት አህያ ገብታ መብላት ጀመረች። ዳኛው ፊሽካ ነፋባት። ቀና ብላ አየችውና ቀጠለች። የሜዳው ጥቅም የገባት እሷ ብቻ ናት።

ደግሞስ ጀብሪል ለምን ተሰለፈ? ጉልበቱ ከረቡዕ ጀምሮ አብጧል። ቅዳሜ ከሰዓት የማይሰለፉትን ስም ጽፌ መልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። አንደኛ ጀብሪል፣ አሥር ቀን ዕረፍት። ለአሰልጣኝ ሙጀሂድም በአፌ ነግሬዋለሁ። "ሰማሁ" አለኝ። አህያዋም ፊሽካውን ሰምታ ነበር።

ሮጬ ስደርስ አሰልጣኙ ከመስመር ላይ ይጮኻል።

"ተነሥ አንተ! ሃያ ሰባት ደቂቃ ነው የቀረው!"

"እንዳትነኩት!"

"ውኃ አፍስሽበት፣ ይነሣል!"

ውኃ። ልጁ ውኃ ውስጥ ነው የተኛው።

ጀብሪል እጄን ያዘ። "አርዋ… ጉልበቴ የት ሄደ?"

አንድ ለአንድ ወጣን። አንድ ነጥብ። አልሐምዱሊላህ በሉ።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ወረቀቱ ግድግዳው ላይ የለም። አራት ቁራጭ ፕላስተር ብቻ፣ በአራት ማዕዘን። ወረቀቱ ተነቅሎ ጥፍሮቹ የቀሩ ይመስላል።

ማን ነቀለው? የካምፑን ምግብ የምትሠራውን እቴቴን ጠየቅሁ።

"እኔ የማውቀው ሽሮው መድረሱን ነው ልጄ።"

ተጫዋቾቹን ጠየቅሁ። የአሥራ ስምንት ሰው ዓይን በአንድ ጊዜ ጫማ ላይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ይገባኛል። የሁሉም ውል ሰኔ ላይ ያልቃል። ሰኔ ላይ ውሉ የሚያልቅ ሰው ሚያዝያ ላይ አንገት የለውም።

ሰባተኛችን ነው ጀብሪል። ሁለት ቋንጃ፣ ሦስት ቁርጭምጭሚት፣ አንድ የትከሻ አጥንት፣ አሁን ጉልበት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሜዳው ደረቅ ሳለ አንድ ሰው ብቻ ነበር የተጎዳው፤ እሱም ከአውቶቡስ ሲወርድ። በልጉ ከገባ ስድስት። ሰማዩ ጥፋተኛ ነው? ሰማዩ ሥራውን ነው የሠራው። በልግ ላይ ይዘንባል። ይሄ ለክለቡ አመራር በየዓመቱ አዲስ ዜና ነው።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

"ደሴ ይላክ" አልኩ። "ጅማቱ ተበጥሷል ብዬ እፈራለሁ። በመሣሪያ መታየት አለበት።"

አቶ ዑበይዳ ሻዩን አማሰለ። "መኪናው እሑድ ለሚመጡት ዳኞች ተይዟል።"

"በሕዝብ አውቶቡስ እወስደዋለሁ።"

"ዝናብ ነው እኮ አርዋ። መንገዱ አያስተማምንም።"

ኳስ ለመጫወት ዝናብ አይደለም። ሐኪም ቤት ለመሄድ ዝናብ ነው።

"አቶ ዑበይዳ፣ እርስዎ ራስዎ ድምፁን አልሰሙትም?"

"አብሽሪ። እማ ሀዲያ ያሹታል። ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።"

(ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን "እሱ" ነው። ደብተሩ የኔ ነው።)

እማ ሀዲያ የከተማዋ እውነተኛ ወጌሻ ናቸው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን እነክስ ነበር። ስንት ጊዜ ቀልጄባቸዋለሁ? ዛሬ ጀብሪልን በጋሪ ጭነው ሲወስዱት ተከትዬ ሄድኩ። እጃቸውን ይዤ ላስቆማቸው ተዘጋጅቼ።

እጃቸውን ታጠቡ። በሁለት ጣት ጉልበቱን ዞሩት። ከዚያ ቅልጥሙን ከታች ይዘው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደፊት ሳቡት። ቆሙ።

"ይሄ አጥንት አይደለም" አሉ። "የውስጡ ማሰሪያ ለቋል። የኔ እጅ እዚያ አይገባም።"

አቶ ዑበይዳ ሳቀ። "እማ፣ ትንሽ ብቻ ቢያሹት…"

"አልነካም አልኩህ አንተ ልጅ! የሸህ ሷሊህ ልጅ አብራችሁ አይደለችም እንዴ? ምን አለች?"

"ደሴ ይሂድ አልኩ እማ።"

"በቃ ደሴ ይሂዳ! እኔን በዚህ ዝናብ ምን አስቸገራችሁኝ?"

አራት ዓመት የተማርኩትን ምርመራ በሁለት ጣት፣ በአንድ ደቂቃ ሠሩት። አፈርኩ። ከንፈር መንከሱንም እዚያው ትቼ መጣሁ።

ጀብሪል ግን ደሴ አልሄደም። በፋሻ ተጠቅልሎ ካምፕ ተመለሰ። ሁለት ወጌሻ አንድ ቃል ተናግሮ፣ አንድ ሰብሳቢ በለጠን።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ዛሬ ሳቅሁ። ልጻፈው።

የካቲት ላይ በልጉ ዘግይቶ ገበሬዎቹ እኛ ግቢ መጥተው ነበር። አባቴ ለሕፃናቱ ቁርአን የሚያቀሩበት ዳስ ሥር ተቀምጠው "ሸህ፣ ዝናብ ይለምኑልን" አሏቸው። ለመኑ። መጣ። ይኸው እስካሁን አልሄደም።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ አቶ ዑበይዳ ጫትና ስኳር ይዞ መጣ።

"ሸህ፣ እስከ እሑድ እንዲያቆምልን ዱዓ ቢያደርጉልን።"

"ምኑን?"

"ዝናቡን።"

"ገብሱ ገና አልዘረዘረም እኮ ዑበይዳ።"

"ገብሱ ላይ ይዝነብ። ሜዳው ላይ ብቻ…"

አባ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ለገበሬው አምጣ ብዬ የለመንኩትን ለአንተ መልስ ብዬ ልለምን? ነገ በምን ፊቴ እጄን አነሣለሁ?"

"ቡድኑ ሊወርድ ነው ሸህ።"

"ሜዳህን ሐምሌና ነሐሴ ላይ አታስቆፍረውም ነበር? ቦይ አታወጣለትም ነበር?"

"በጀት…"

አባ እጃቸውን ዘረጉ። "አሏህ ለሁላችንም ልቦና ይስጠን።"

ከሁሉም ጮክ ብሎ "አሚን" ያለው አቶ ዑበይዳ ነው።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ዝናቡ እንዲቆም ቢፈለግ በረዶ ወረደ። ዜሮ ለሦስት።

አጥቂ ስለሌለን ሁለተኛው በረኛ ሱፍያን አጥቂ ሆኖ ተሰለፈ። የመጀመሪያዋን ኳስ በእጁ ያዛት። ልማድ ነው፣ ምን ያድርግ? ሁለተኛዋን ሊመታ ሲል ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። በቃሬዛ ሲወጣ "ወጌሻ፣ ጎል ብቆይ አይሻልም ነበር?" አለኝ። በዚህ ቡድን ውስጥ አእምሮ ያለው ሰው አለ ለካ።

የካምፑ ማቀዝቀዣ አይሠራም፤ መብራት ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። የወረደውን በረዶ በፌስታል ለቅሜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰርኩለት። በዚህ ዓመት ክለቡ በሰዓቱ ያቀረበልኝ የሕክምና ቁሳቁስ ይሄ ብቻ ነው። እሱንም ከሰማይ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ቢሮ ተጠራሁ። አንድ ወረቀት፣ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት።

"ተጫዋች ጀብሪል ለጨዋታ ብቁ መሆኑን ያረጋገጥኩት እኔ ስሆን፣ ለደረሰበት ጉዳት ሙሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።"

ከሥር ስሜ። ከስሜ ጎን ባዶ መስመር።

ከሊጉ ጥያቄ መጥቷል አሉ። ሜዳው ለምን እንዲህ ሆነ፣ ማን ፈቀደ የሚል። ሜዳው ጥፋተኛ ከሆነ ክለቡ ይቀጣል። እኔ ጥፋተኛ ከሆንኩ ማንም አይቀጣም። እኔ ብቻ።

"ለአንቺ ምንም አያመጣብሽም" አለ አቶ ዑበይዳ። "ወረቀት ነው።"

የተጎዳ ሰው ብቁ ነው ብላ የላከች ባለሙያ… ከዚያ በኋላ ማን ይቀጥረኛል? የሙያ ፈቃዴን ማን ያድስልኛል? ይሄ ሰው እኮ ጨርሶ ሞኝ አይደለም። ያውቃል።

"አልፈርምም።"

"ምስክር አለብሽ።"

ወረቀቱን ገለበጠው። ከጀርባው፦ "ወጌሻዋ መጫወት ትችላለህ ብላኛለች።" ፊርማ፦ ጀብሪል።

ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። በየቀኑ በመዝገቤ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

ካምፕ ሄጄ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"ጀብሪል።"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

"እኔ መጫወት ትችላለህ ብየሃለሁ?"

"አርዋ… እናቴ አጅባር ናት። ሌላ ልጅ የላትም።"

የጠየቅሁት እሱን አይደለም። ግን መልስ ነው። ወጣሁ።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ሽማግሌ መጣብኝ! ለጋብቻ ቢሆን እናቴ ነፍሷን ይማረውና ደስ ይላት ነበር። ሦስት አዛውንት፣ አቶ ዑበይዳና አሰልጣኝ ሙጀሂድ። ሁሉም ውኃ እያንጠባጠቡ።

አንደኛው ሽማግሌ ጀመሩ። ስለ ሰላም፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሴት ልጅ ጨዋነት። ስለ ጉልበት አንድም ቃል የለም።

"ሸህ፣ ነገሩ ትንሽ ነው" አለ አቶ ዑበይዳ። "ልጅቱ ትፈርምና ይለቅ።"

አባ ቀና አሉ። "ትንሽ ነው?"

"ትንሽ ነው ሸህ።"

"ለትንሽ ነገር ሦስት ሽማግሌ ይዘህ ትመጣለህ?"

አንዱ አዛውንት ሊስቁ ሲሉ አሳላቸው።

አባ ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ አሉ። ተነበበ። ከዚያ ተነሥተው ቁርአኑን ከመደርደሪያው አወረዱና በጨርቅ እንደተጠቀለለ መሐላቸው አስቀመጡት።

"ብቁ ነው ስትል ሰምተሃል ዑበይዳ?"

"እንዲያ ተብሏል…"

"ተብሏል አላልኩም። እጅህን ጫንና 'ሰማሁ' በል። አሁኑኑ እኔ ራሴ አስፈርማታለሁ።"

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ። አቶ ዑበይዳ አሰልጣኙን አየ። አሰልጣኙ ጫማውን አየ። ጫማው ማንንም አላየም።

"ሸህ… ለኳስ ቁርአን ይነካል እንዴ?"

"ለኳስ አይነካም። ለሰው ስም ይነካል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በሉ እንነሣ፣ ዝናቡ ሳይብስ ተባለ። የባሰ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።

በር ላይ አሰልጣኝ ሙጀሂድ ወደ ኋላ ቀረና በሹክሹክታ፣ "ጭዱን እኔ አላስነጠፍኩም" አለኝ።

"ስሙን ግን ከአሰላለፉ አላወጡትም።"

ሄደ።

አባ ላይ ልጠመጠም ዞርኩ። ቁርአኑ አሁንም እዚያው ነው። አልሰቀሉትም።

"አንቺስ?" አሉኝ።

"አባ!"

"ለሰው የዘረጋሁትን ለልጄ ላጥፈው?"

ውዱእ አደረግሁ። እጄን ጫንኩ። ወላሂ ነግሬዋለሁ። ወላሂ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ያኔ ብቻ ጨርቁን አስተካክለው ወደ ቦታው መለሱት። አልተቆጣሁም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

"ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግደሻል።" ደብዳቤውን ቤቴ ድረስ አመጡት። ቅዳሜም ይሠራሉ ለካ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ትናንት ጀብሪል ደወለ። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሏል፤ ትኩሳት ጀምሮታል። "የምደውልለት ሌላ ሰው የለኝም" አለ።

ልዝጋው አልኩ። ዘግቼውም ነበር። መልሼ ደወልኩ።

ዛሬ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። እቴቴ ትራሷን ሰጠችን፣ ከእግሩ ሥር እንድናደርገው። አንድ ወንበር ለእሱ፣ አንድ ለጉልበቱ። አቀስታን አለፍን። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ሾፌሩ እንደ ዓይነ ስውር እየዳሰሰ ይነዳል። ያኔ ጀብሪል ወደ መስኮቱ ዞሮ፣

"ወረቀቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ" አለ።

"የቱን?"

"ግድግዳ ላይ የለጠፍሽውን። ቅዳሜውኑ።"

ትራሱን ከእግሩ ሥር አስተካከልኩ።

"እሑድ ከትልቅ ክለብ የሚያየኝ ሰው ይመጣል ተብሎ ነበር። አሰልጣኙ ወረቀቱን ደጋግሞ ካየ ልቡ ይከፈላል ብዬ…"

"መጣ ሰውየው?"

"በዝናቡ ቀረ።"

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ጉልበቱ ባይጎዳ ኖሮ እረግጠው ነበር። ሁለተኛውንም ወረቀት ጠየቅሁት፣ በእኔ ላይ የፈረመውን። "ከፈረምክ የሚቀጥለው ዓመትም ከእኛ ጋር ነህ አሉኝ" አለ። ሁለት ወረቀት፣ ሁለቱም በኔ ላይ። ያውም እጁን ይዤ ከጭቃ ያወጣሁት ልጅ።

ከቦርሳው አንድ ነገር አውጥቶ ጭኔ ላይ አደረገ። አራት ቦታ የታጠፈ፣ በእርጥበት ያበጠ። ጽሕፈቴ። ፊርማዬ። ቀኑ።

አልጣለውም ነበር። ለምን? ጠየቅሁት። አላውቅም አለ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

የፊቱ ማሰሪያ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። የመገጣጠሚያው ትራስም ተቀዷል። ጉልበቱ ውስጥ የቆየው ፈሳሽ መመረዝ ጀምሮ ስለነበር ዛሬውኑ ቀዱለት። ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ቢያንስ ዘጠኝ ወር።

ሐኪሙ "ከተጎዳ ስንት ቀኑ ነው?" አለ።

"አሥራ ሰባት።"

"የት ነበራችሁ?"

እኔ ማን ነኝ "ነበራችሁ" የምባል? በልቤ ብቻ መለስኩ። ጉዞ ላይ ነበርን፣ ዶክተር። ከሜዳው እስከ ደሴ አሥራ ሰባት ቀን ይፈጃል። ዝናብ ነው እኮ።

ግንቦት 10፣ እሑድ

የመጨረሻው ጨዋታ። ካልተሸነፍን እንተርፋለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን። የተረፉን ጤነኞች አሥር ናቸው፣ አንዱ ሱፍያን ሆኖ።

ተጋጣሚው አልመጣም! ከጉጉፍቱ ወዲህ ናዳ መንገዱን ዘጋው። ዳኞቹ በዋዜማው ገብተዋል፣ እንግዳው ቡድን ጭቃ ውስጥ ቆሟል። አማራጭ መንገድ አለ፣ በጊዜ አልተነሡም ተባለ። ፎርፌ። ሦስት ለዜሮ አሸነፍን። የዓመቱ ምርጥ ውጤታችን ነው። ማንም አልተጎዳም።

ዓመቱን ሙሉ የገደለን ዝናብ በመጨረሻዋ ቀን አዳነን። አቶ ዑበይዳ በትከሻ ተሸክመውት ከተማውን ዞሩ። "የአመራር ውጤት ነው" ሲል በድምፅ ማጉያ ሰማሁት። ናዳውም በእሱ አመራር ሥር ነበር ለካ።

አባ መስኮት ላይ ቆመው አዩ። "ገብሱ ዘረዘረ" አሉ። ሌላ አላሉም።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ይሄን ሊጉ ጋ ብልክ እኔ ነጻ እወጣለሁ፣ ጀብሪል ያልቅለታል። ሰነድ የነቀለ፣ በሐሰት የፈረመ። በአንድ እግሩ።

ካልላክሁት? ያላልኩትን እንዳልኩ ተቆጥሬ ልኑር?

ለጋስ ሴት ብሆን ኖሮ አቃጥለው ነበር። በልብ ወለድ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሴቶች አሉ። እኔ እዚህ ነው የምኖረው።

ከሰዓት ጀብሪል ከደሴ ተመልሶ እዚሁ ከተማ ያረፈበት ዘመዱ ቤት ሄጄ ወረቀቱን መለስኩለት። ቀዶ ሕክምናው ለሰኔ ተቀጥሮለት፣ በክራንች ነው።

"የነቀልከው አንተ ነህ። የምትመልሰው አንተ ነህ።"

"ያባርሩኛል።"

"ዘጠኝ ወር የማይጫወት አጥቂ አያባርሩም ብለህ ነው አሁን የምታምነው? ዛሬ ማን ጠየቀህ? ማን ደወለልህ?"

ክራንቹን ወደ ራሱ ሳበ።

"እስከ ዓርብ። ዓርብ ካለፈ እኔ ራሴ እለጥፈዋለሁ። ደግ አይደለሁም ጀብሪል።"

"አውቃለሁ" አለ። ከዚያ፣ "ደግ ብትሆኚ አውቶቡስ ላይ አብረሽኝ ታለቅሺ ነበር፤ ሐኪሙን ማን ይጠይቅልኝ ነበር?"

ይሄ ምስጋና ነው? ይመስለኛል።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

የመትረፍ በዓል። መልበሻ ክፍሉ ጎን ባለው አዳራሽ ምሳ፣ ንግግር፣ የምስክር ወረቀት። የታገድኩ ሰው ነኝ፣ አልተጠራሁም። ሄድኩ። በር ላይ ማንም አላስቆመኝም፤ እቴቴ ነበረች በሩ ላይ፣ ጭልፋ ይዛ።

አቶ ዑበይዳ ስለ ጽናት እየተናገረ ነበር። በሩ ተከፈተና ጀብሪል በክራንች ገባ። ጥቅል ፕላስተር በጥርሱ ይዟል። ማንንም ሳያይ አዳራሹን አቋርጦ መልበሻ ክፍሉ ገባ። በመሐሉ ያለው በር ክፍት ነው፣ ሁላችንም እናየዋለን። ወረቀቱን ዘረጋ። አንዱን ጥግ ሲለጥፍ አንደኛው ክራንች ወደቀ። ማንም አልተነሣም። ሱፍያን ተነሥቶ አያነክስ ይመስል እያነከሰ ሄዶ ያዘለት።

ጀብሪል አነበበው።

"አንደኛ፣ ጀብሪል። የግራ ጉልበት እብጠት። አሥር ቀን እንዳይሰለፍ። ሜዳው ላይ በሰሜን በኩል ጉድጓድ አለ፤ ሳይደፈን ጨዋታ አይካሄድ። አርዋ ሷሊህ።" ዞረ። "ይሄን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ተጫወት አላለችኝም። የፈረምኩት ውሸት ነው።"

እቴቴ ጭልፋዋን ድስቱ ላይ ጣለችው፤ ከጭብጨባ ይበልጣል።

አሰልጣኝ ሙጀሂድ ቀስ ብሎ ተነሣ። "ለእኔም በአፏ ነግራኛለች" አለ። ተቀመጠ። ይሄን ለማለት ሃያ ስድስት ቀን ፈጀበት። ጉልበቱ ከጀብሪል ጉልበት ይበልጥ የታመመው እሱ ኖሯል።

አቶ ዑበይዳ ፈገግ አለ። ይሄ ሰው ፈገግታው እንኳ ጭድ ነው።

"በሉ፣ ያለፈው አለፈ። ሁላችንም ቤተሰብ ነን። ምሳው ሳይቀዘቅዝ…"

በኋላ ጥግ ላይ ጠራኝ። ሰኞ ሥራ ጀምሪ፣ እግዱ ተነሥቷል አለ። ያ ያልፈረምኩት ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፣ አንጠቀምበትም አለ። ለሊጉም ጉዳቱ "በአጋጣሚ" ነው ብለን እንጻፍ። ማንንም አንወቅስ።

"አስብበታለሁ" አልኩ። ማሰብ አላስፈለገኝም። ብቻ ምሳዬን ልበላ ነበር።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ጨዋታ የለም። ዝናብም የለም። አሁን ቆመ፣ ማንም ሳይለምነው።

ብቻዬን ሜዳው ሄድኩ። ጭዱ ውስጥ የቀረው ፍሬ በቅሏል። ጎል ፊት ለፊት ገብስ! አባ ይሄን ቢያዩ… ዓመቱን ሙሉ ሜዳው ላይ የሠራ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ጉድጓዱ እዚያው ነው። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ውኃ። ከበፊቱ የባሰ ያምራል። ሰው ቢያየውም አይለየውም።

ዱላ ፈልጌ መሐሉ ላይ ተከልኩ። በድንጋይ መታሁት፣ እስከ ግማሹ እስኪገባ።

ከዚያ ቤት ገብቼ ለክለቡ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጨዋ ነው፣ "ክቡር" የሚል አለው። ለሊጉም ግልባጭ አድርጌያለሁ፤ የግድግዳውን ወረቀት ቅጂ፣ የሐኪሙን ውጤት፣ የጀብሪልንና የአሰልጣኙን አዲስ ፊርማ ይዟል። ጀብሪል ራሱ መጥቶ ፈረመ። አሰልጣኙም መጣ። ሻይ አልጠጣም ብሎ ሄደ። ይሁን።

እዚህ ግን ያለ "ክቡር" ልጻፈው፣ ነገ ልቤ ሲለሰልስ እንዳነበው።

ሰኞ አልገባም። ያ ወረቀት ፊት ለፊቴ ተቀዶ እስካልተጣለ አልገባም። ስሙን የሰረዝኩት ተጫዋች ሜዳ ከገባ፣ እኔ ሣጥኔን ይዤ በዚያው ደቂቃ እወጣለሁ፤ ስልሳ ሦስተኛዋን አልጠብቅም። "ሰማሁ" የሚለኝ ሰው ጽፎ ይስጠኝ። እማ ሀዲያ አልነካም ሲሉ ማንም "ወረቀት ነው፣ ፈርሚ" አላላቸውም፤ እኔም እንደሳቸው አልነካም ማለት እችላለሁ።

ያላልኩትን ብላለች ብሎ ለሚያስታርቀኝ ሽማግሌ፣ ያለፈው አለፈ ለሚለኝ ቤተሰብ፣ መልሴ አንድ ነው። ጉድጓዱን ድፈኑ። ጭድ ከእንግዲህ አልቀበልም።